የጎረቤትን መጽሐፍ ማንበብ

ባለፈው የክርክር ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «የመምህራን ዓለም አቀፍ ትብብር የሚባለው ነገር ሻይ ጠጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ወደ አገር መመለስ ነው» ሲል ብዙዎቻችን ሳቅን፤ አጨበጨብንለትም። ከሳቁ በኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ካለማወቅ የመጣ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ይህ ርእሰ አንቀጽ ለእርሱ መልስ እንዲሆን ጽፈነዋል። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከኤውሮፓ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 እስከ 1945 ባለው ዘመን ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። በመካከሉ ባሉት የሰላም ዓመታት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጥፋቱን ለጎረቤት፣ ጽድቁን ለራስ ያካፍሉ ነበር። ይህ ያሳሰባቸው የሁለቱ አገሮች የታሪክ ሊቃውንትና መምህራን በ1935 በፓሪስ ተሰብስበው፣ በሚያጣሏቸው ነጥቦች ላይ ተከራክረው 40 አንቀጽ ጻፉ። ከፈረንሣውያኑ አንዱ፣ የታሪክ መጽሐፉ በአገሩ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ይነበብ የነበረው ዡል ኢሳቅ ነበር። ነገር ግን በጀርመን ሥልጣኑን የያዘው ሂትለር ነበርና የተጻፈው ሁሉ ከወረቀት አላለፈም። ጦርነቱ መጣ። ኢሳቅ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ፤ ሚስቱና ሴት ልጁም በ1943 ተይዘው ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱና ተገደሉ።

ጓደኛችን ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ቢል አንፈርድበትም። የመምህራን ጉባኤ ታንክ አያቆምም። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በኋላ በ1951 የሁለቱ አገሮች መምህራን እንደገና ሲገናኙ ከባዶ አልጀመሩም፤ የ1935ቱን ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው ነው ያረሙት። ከተስማሙባቸውም ነገሮች አንዱ፣ በ1914 የኤውሮፓን ጦርነት አስቦና መክሮ የፈለገ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ሕዝብ ነበረ ለማለት ሰነዶቹ እንደማይፈቅዱ የሚገልጸው ነው። ለፈረንሣዊ መምህር ይህን መፈረም ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት ጌኦርግ ኤከርት የተባለ የመምህራን አስተማሪ በብራውንሽቫይግ ከተማ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚመረምር ተቋም አቋቋመ። ተቋሙ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ከፖላንድ ጋር የነበረው ነገር ከዚህ የከረረ ነው። ብሬስላው ስትባል የኖረችው የጀርመን ከተማ ከ1945 በኋላ ቭሮትስዋፍ ተብላ የፖላንድ ሆነች፤ በዚያ አካባቢ የነበሩ ጀርመኖችም በሚሊዮን ተቈጥረው አገር ለቀቁ። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ ጀርመን በፖላንድ ምድር ያደረሰችው እልቂት አለ። እንግዲህ መምህሩ በካርታው ላይ የትኛውን ስም ይጻፍ? ሰዎቹስ «ተባረሩ» ይበል ወይስ «ተዛወሩ»? የሁለቱ ወገን ሊቃውንት ከ1972 ጀምረው አራት ዓመት ሲነጋገሩ ቈይተው በ1976 ምክረ ሐሳባቸውን አሳተሙ። በምዕራብ ጀርመን ታላቅ ቍጣ ተነሣ፤ በተለይ ቤታቸውን ጥለው የመጡት ሰዎች «መከራችን ተሸፈነ» አሉ። ትችቱ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ሂትለርና ስታሊን በ1939 ፖላንድን ለመከፋፈል የተዋዋሉት ውል በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አልተነሣም፤ የዋርሶ መንግሥት ከሞስኮ ጋር የተሳሰረ ስለነበር የፖላንዶቹ ሊቃውንት እንደ ልባቸው መናገር አይችሉም ነበር። እኛ ግን በግማሽ እውነት ላይ መቀመጡ፣ በሁለት ሙሉ ሐሰት ላይ ተለያይቶ ከመቀመጥ ይሻል ነበር ብለን እናምናለን፤ ንግግሩ አልተቋረጠምና የቀረው ግማሽ ኋላ ሊነገር ቻለ። ሁለቱ አገሮች በአንድነት ያዘጋጁት የታሪክ መማሪያ የመጀመሪያው ክፍል በ2016 ወጣ።

ፈረንሳይና ጀርመንማ የጋራ መጽሐፋቸውን በ2006 ጀምረው በ2011 በሦስት ክፍል ፈጽመዋል። የሚያስገርመው፣ አዘጋጆቹን ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱ የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሳይሆን ስለ አሜሪካ ምን ይባል የሚለው ነበር። መጽሐፉን የያዙት ትምህርት ቤቶች ግን ብዙ አይደሉም፤ የእያንዳንዱ አገር ሥርዓተ ትምህርትና ፈተና ሌላ ነውና። ስለ ኤራስመስና ስለ ሌሎቹ የመለዋወጫ ዕቅዶች ብዙ አንልም፤ ጓደኛችን ሻይና ፎቶግራፍ ያለው ምናልባት እነርሱን አይቶ ይሆናል።

በታሪክ መጽሐፍ ምክንያት የሚነሣ ጠብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሆኖም ስለ ጎረቤቶቻችን አፋችንን ሞልተን ስንናገር፣ የግብፅ ወይም የሱዳን ልጅ ስለ ዓባይ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚማር መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ከመካከላችን ማን አለ? እኛ የርእሰ አንቀጹ ጸሐፊዎች አላነበብንም፤ ይህንን ስንጽፍም አፍረናል። ስለዚህ ዐረብኛ የሚያውቁ ጓደኞቻችንና የታሪክና የጂኦግራፊ መምህሮቻችን እንዲረዱን እንለምናለን። የጎረቤቶቻችንን የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ማግኘት የሚችል ሰው ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። ጥቂት ገጾች እንደተገኙ ተተርጕመው ከራሳችን መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን በክርክር ክበቡ ይነበባሉ። ያ ጓደኛችንም የመጀመሪያው ተጋባዥ ነው፤ ሻይ ግን አናቀርብም።