ዝም ያለው ልጅ የሚያውቀው

ነሐሴ ሲጋመስ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች አዳዲስ መምህራን ክፍላቸውን ማሰናዳት ይጀምራሉ። ግድግዳው ላይ ፊደል ይለጠፋል፣ ጠረጴዛው ይደረደራል፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር ይመጣል። ዘንድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል እንድታስተምር የተመደበች የወዳጆቼ ልጅ ዝርዝሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ከተማሪዎቿ ግማሽ የሚሆኑት ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው፤ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከቬትናም፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከእኛም አገር የመጡ። “ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?” አለችኝ። በየትምህርት ቤቱ ለወላጆች ማስተርጎም ሥራዬ ስለሆነ የሁለቱንም ወገን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ መልሴን እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ዕቅድሽን ልጁ ከማያውቀው አትጀምሪ አልኳት። ልቡ የሚራራ አዲስ መምህር እንግሊዝኛ ያልያዘ ልጅ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ትምህርቱን ማቅለል ነው። ሌሎቹ ክፍልፋይ ሲማሩ እሱ ሥዕል ይቀባል፤ ሌሎቹ ውሃ እንዴት ወደ ደመና እንደሚለወጥ ሲያነቡ እሱ የቀለማትን ስም ይገለብጣል። ክፉ ታስቦ አይደለም። ወራት ሲያልፉ ግን ልጁ እንግሊዝኛውን ገና ሳይጨብጥ ሒሳቡም ሳይንሱም ጥሎት ይሄዳል። ቋንቋ ብቻ ጎድሎት የገባ ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ ነገር ጎድሎት ይወጣል።

አንድ የወላጅና የመምህር ውይይት ላይ ያየሁት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ልጁ ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙም ያልቆየ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መምህርቷ የሒሳብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ “ቁጥር ይቸግረዋል” አለች፤ እንዳለችው ለአባትየው አስተረጎምኩ። ወረቀቱ ላይ የአሜሪካ ሳንቲሞች ተስለዋል፤ ጥያቄው ድምራቸው ስንት ነው የሚል ነው። ኳርተር ላይ ስሙ በፊደል ተጽፏል እንጂ 25 የሚል ቁጥር የለበትም። ዳይም ላይም 10 አይልም። በዚያ ላይ ዳይም በመጠን ከኒክል ታንሳለች፣ በዋጋ ግን እጥፏ ናት። የእንግሊዝኛ ንባብ ገና ያልጀመረ ልጅ ይህን በምን ይወቅ? አባትየው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ወደ ልጁ ዞሮ በአማርኛ “ሃያ አምስት ሦስት ጊዜ ስንት ነው?” አለው። “ሰባ አምስት።” “መቶ ለመሙላትስ ስንት ይቀረዋል?” “ሃያ አምስት።” ልጁ የአባቱን ጥያቄ ጨርሶ ለመስማት እንኳ አልታገሠም። የተባባሉትን ስነግራት መምህርቷ ወዲያው ወፍራም ወረቀት ቆርጣ የእያንዳንዱን ሳንቲም ሥዕል፣ ስምና ዋጋ ጽፋ ሰጠችው። ካርዱ ሒሳቡን አላቀለለለትም። ጥያቄው ያው ነው፤ ልጁ ግን አሁን ምን እንደተጠየቀ ያውቃል።

አዲሷ መምህርት ዕቅድ ስታወጣ እንዲህ ያለውን ካርድ አስቀድማ እንድታስብ ነው የምፈልገው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ሁለት ነገር ትጻፍ፤ ልጁ ምን ይወቅ፣ ያወቀውን ለመናገርስ የትኛው እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል? ትምህርቱ ክፍልፋይ ከሆነ ልጁ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው ማለት መቻል አለበት። እነዚህ ቃላት ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ከጎናቸው ልጁ የሚጨርሰው የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ይኑር። ወረቀት አጥፎ ግማሽና ሩብን በእጁ ይንካ፣ መጀመሪያ ለጓደኛው ይንገር፣ ከዚያ ለክፍሉ። ይህ እዚሁ ተወልዶ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረውን ልጅም ይጠቅመዋል እንጂ ወደኋላ አያስቀረውም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ የሚጠቀሙበት ዊዳ የተባለው ሥርዓት የልጁን እንግሊዝኛ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ለያይቶ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ አይተሽ እንዳታልፊ ብያታለሁ። በማዳመጥ 4 አግኝቶ በመጻፍ 2 ላይ የቀረ ልጅ የምትናገሪውን ይሰማሻል፤ የሚያስፈልገው የመጻፍ እገዛ ነው። ሁለቱም 2 የሆኑበት ልጅ ሌላ ዕቅድ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የመምህሯ ቸርነት እንዳይመስል ሕጉን ላንሳ፤ ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ እርዳታ እንደሚለምን ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሲገቡ ስለማይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ያህል ቻይናውያን ተማሪዎች ያለ ምንም የቋንቋ እገዛ ክፍል ተቀምጠው ነበር። “ላው በኒኮልስ ላይ” የሚባለው ክሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1974 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረዱ። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነበር፤ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ መጽሐፍና አንድ መምህር መስጠት እኩል ማስተማር አይደለም ነው ፍርዱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ትምህርት ቤቶች የቋንቋን እንቅፋት እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በ1982 ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ተፈረደ። በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው የሚል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲወጣ ብዙ ወላጅ ደንግጦ አስተርጓሚ መጠየቅ ቀረ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የ1964ቱና የ1974ቱ ሕጎች በምክር ቤት የወጡ ናቸው፤ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም። ጠይቁ።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። አዲስ የመጣ ልጅ ለወራት አንድ ቃል ላይተነፍስ ይችላል። ዝም ማለቱ አለመማሩ አይደለም፤ እየሰማ፣ እየለቀመ ነው። በዚህ ጊዜ በሥዕል እያሳየ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ በቋንቋው እየጻፈ የተረዳውን እንዲያሳይ ይፈቀድለት። መምህሩም ይታገሥ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ ክፍሎችን አጥንታ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ ግን መልሱ እንደሚረዝምና ብዙ ልጅ እንደሚናገር አሳይታለች። ጥያቄውን በአማርኛ ተረድቶ መልሱን በእንግሊዝኛ ለሚያሰናዳ ልጅ አንድ ሰከንድ ምን ታደርግለታለች?

የእኛ ልጆች ላይ ሌላም ነገር አለ። መምህር ሲናገረው ዓይኑን መሬት የሚጥል ልጅ አክብሮ ነው፤ እዚህ ግን ደበቀ ወይም ናቀ ይባላል። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ “እ” የሚል ልጅ አዎን ማለቱ ነው፤ የማያውቅ መምህር ደነገጠ ብሎ ይጨነቃል። የወዳጆቼ ልጅ እዚህ ተወልዳ ብታድግም ይህን ከቤቷ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ መምህር ያልገጠማቸው ልጆች ያሳዝኑኛል።

ዝምታው ሲሰበር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ወፍ ይንጫጫል፤ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ መምህሩም “ይህ ልጅ ጨርሷል” ይላል። የቶሮንቶው ጂም ከሚንስ ከ1979 ጀምሮ የጻፈው ይህን የሚመለከት ነው። የጨዋታ እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፤ የመጽሐፍና የፈተና እንግሊዝኛ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። አራተኛ ክፍል ደርሶ “አወራሩ ጥሩ ነው፣ ሰነፍ ስለሆነ አያነብም” ሲባልለት የሰማሁት ልጅ ብዙ ነው። ስንፍና አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው።

ስለ አገራችን ልጆች ለመምህርቷ አጥብቄ የነገርኳት ደግሞ ይህ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ አይደለም። የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ስላደረገ፣ ከአዳማ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ ልጅና ከመቀሌ በትግርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ የተለያየ ነገር ይዘው ይመጣሉ። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ የተማረው ልጅ የላቲን ፊደልን ያውቃል። ድምፁ ግን ይለያል፤ በቁቤ ሲ ለብቻዋ ስትሆን “ጭ”፣ ኤክስ ደግሞ “ጥ” ናት። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን “ካት” ሲያነብ በ“ጭ” ቢጀምር ተሳሳተ ከማለት በፊት ከየት እንዳመጣው ማወቅ ያስፈልጋል። በግእዝ ፊደል የተማረው ልጅ ደግሞ አንዱን ምልክት ከነአናባቢው ማንበብ የለመደ ነው፤ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ሲጻፍ፣ ሦስት ተነባቢ ባንድ ላይ ሲመጣም መሃሉ ላይ አናባቢ ይጨምራል። ሁለቱም ልጆች ማንበብን አንድ ጊዜ ተምረዋል። ጽሕፈት ድምፅን እንደሚወክል ገብቷቸዋል፤ ይህ እንደ አዲስ አይጀመርም። ከጓቲማላ የመጣችውም ልጅ ቤቷ የሚነገረው ስፓኒሽ ሳይሆን ማም የሚባል ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ከአገር ስም ተነስቶ መገመት አይበቃም፤ ይጠየቅ።

ስምም እንዲሁ ነው። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ እናቱ በአባቷ ስም ትጠራለች። እናትን በልጇ አባት ስም መጥራት ወይም ስማቸው ስላልገጠመ ዘመድ አይደሉም ብሎ መጠርጠር ቤተሰቡን ያስከፋል።

አሁን ደግሞ ለወላጆች። ስንመዘገብ ቤታችሁ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ቅጽ ይሰጠናል። “እንግሊዝኛ” ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ልጃቸው ኢሶል ወደሚባለው የእንግሊዝኛ ማገዣ ክፍል ገባ እንዳይባል፣ ከሌሎቹ ያነሰ እንዳይመስል ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን ያ ቅጽ ልጁ የሚገባውን እገዛ የሚከፍትለት የመጀመሪያው በር ነው። አማርኛ የሚነገርበት ቤት አማርኛ ብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው ነገር፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጅን ማናገር አያስፈልግም። እናት ለልጇ በምታውቀው ቋንቋ ተረት ብትነግራት፣ ለምን ብላ ብትጠይቃት፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም አርብ የመስጊዱን ትምህርት ብታስረዳት፣ ልጅቱ ማሰብንና ማስረዳትን ትማራለች፤ ያንን ወደ እንግሊዝኛ ይዛው ትሄዳለች። የአያቷን ቋንቋ አጥታ እንግሊዝኛ ያተረፈች ልጅ ብዙ ከስራለች ብዬ አምናለሁ።

መምህራንም ይህን ለወላጅ በግልጽ ይንገሩ። “ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ” የሚል ምክር ከመምህር አፍ ሲወጣ ወላጁ እንደ ትእዛዝ ነው የሚቀበለው፤ በእኛ ባህል መምህር ያለው ይፈጸማልና። ያው አክብሮት ብዙ ወላጅን ከትምህርት ቤት ያርቃል። “መምህርቷ ታውቃለች፣ እኔ ምን እላታለሁ?” ይላል አባት። ሌላው ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ ወይም በሆስፒታል ፈረቃ ደክሞ ስለሚመጣ ይቀራል። አልመጣም ማለት አላሰበበትም ማለት አይደለም። ሲመጣም ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ነውር ነው። ስለ ራሱ ጥፋት ለአባቱ የሚያስተረጉም ልጅ ወይ ይዋሻል ወይ ይሰበራል፤ ሁለቱንም በልጅ ላይ መጫን ግፍ ነው።

የምሳው ነገርም አይረሳ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ልጅ አለ፤ የዓቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋና ወተት የማይነካ አለ፤ ረመዳንን የሚጾም አለ፤ የአሳማ ሥጋ የሚከለከለው ብዙ ነው። ዓርብ ፒዛ ብቻ ሲቀርብ ባዶ ሆዱን ከሰዓት ክፍል የሚቀመጥ ልጅ እንግሊዝኛ አልገባውም ተብሎ እንዳይመዘገብ አስቀድሞ ቤተሰቡን መጠየቅ ነው።

ልትሄድ ስትነሳ ለወላጆች የምትልከውን የመጀመሪያ ደብዳቤ አሳየችኝ። የክፍሉ ደንብ፣ የእርሳስና የደብተር ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥር አለበት። ሁለት ጥያቄ እንድትጨምርበት ለመንኳት፤ ቤታችሁ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይቀናችኋል፣ ልጃችሁስ ቤት ውስጥ ምን ጎበዝ ነው? የኅዳሩን የወላጅና የመምህር ውይይት ሰዓት ስትጽፍም “ከጠዋቱ” ወይም “ከሰዓት በኋላ” ብላ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ትግለጽ፤ አለዚያ 2 ሰዓት የተባለች እናት በማለዳ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። የአማርኛውን ትርጉም ከአውራጃው የትርጉም ክፍል ታገኛለች፤ አማርኛ ከሚያዘጋጇቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማም ተናጋሪ እናት ካለች ግን ደብዳቤ አይበቃም፤ ትምህርት ሳይከፈት የስልክ አስተርጓሚ አስይዛ ትደውልላት።