ለኮምፓይለሩ ያልተነገረ ግምት

የሊኑክስ ከርነል ብዙ ነገሮችን በቅደም ተከተል የሚይዘው ቀይና ጥቁር በሚባለው የዛፍ መዋቅር ነው። በዚህ ዛፍ ውስጥ የአንጓው ቀለም የራሱ ቦታ የለውም፤ የወላጁን አድራሻ በሚይዘው ፖይንተር የመጨረሻ ቢት ውስጥ ተሸጉጧል። ይህን የፈቀደው አሰላለፍ ነው። አንድ አድራሻ በ4 የሚካፈል ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች፣ በ8 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሦስቱ፣ ምንጊዜም ዜሮ ናቸው። ከርነሉ እነዚህን ዜሮዎች ለራሱ ጉዳይ ያውላቸዋል። ሚሊዮን አንጓ በሚያዝበት ማሽን ላይ ቁጠባው ቀላል አይደለም።

እዚያው መዋቅር ላይ አንድ የቆየ ማስታወሻ አለ። አንጓው በግድ እንዲሰለፍ ማዘዙ ከንቱ ሊመስል ቢችልም፣ ክሪስ ለተባለው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል እንደሚባል ይገልጻል። ክሪስ የስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ድጋፉ በ2018 እ.ኤ.አ. ከከርነሉ ወጥቷል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ነገ አንድ ሰው ምክንያቱ እንደቀረ አስቦ ትእዛዙን ቢሰርዘው በኢንቴል ማሽን ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ኮምፓይለሩም ዝም ይላል፤ ቀለሙን የሚያነበው ኮድ ምን ዓይነት አሰላለፍ እንደሚጠብቅ የነገረው የለምና።

በአሰላለፍ ላይ የቆመ ኮድ ሁሉ ግምቱን ኮምፓይለሩ በሚፈትሸው መልክ፣ ቢቶቹ በሚነኩበት ቦታ ላይ ማስፈር አለበት። መሣሪያው አለ። ከርነሉ ቢልድ_ባግ_ኦን የተባለ ማክሮ ከያዘ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቀደም ሲል ግምቱ ሲፈርስ መጠኑ ከዜሮ በታች የሆነ አሬይ በማወጅ ኮምፓይለሩን ያስቆመው ነበር። የሲ ቋንቋ የ2011 ደረጃ ደግሞ ስታቲክ አሰርት የተባለውን ተመሳሳይ ፍተሻ የቋንቋው አካል አደረገው። ወጪው አንድ መስመር ነው፤ ከርነሉ ሲሠራ አንድም ትርፍ መመሪያ አይፈጽምም።

በ2025 የሆነው፣ በኮምፓይል ጊዜ በመፈተሽና በሥራ ላይ በመፈተሽ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። ሥራቸው የተሰቀለባቸውን ፕሮሰሶች የሚከታተለው የከርነሉ ክፍል፣ ፕሮሰሱን ያገተው ሎክ ምን ዓይነት እንደሆነ በሎኩ ፖይንተር ሁለት የመጨረሻ ቢቶች ላይ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። በሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ላይ ግን ኮምፓይለሩ ባለ 32 ቢት ቁጥርን የሚያሰልፈው በ2 ባይት ወሰን ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ቢቶች አንዱ ነጻ አልነበረም። ይህ የታወቀው ማሽኑ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ በወጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ያንን ማስጠንቀቂያ ለማየት ከርነሉን በማሽኑ ወይም እሱን በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ የድሮ አሚጋ ወይም አታሪ ዛሬ በእጁ ያለው ስንት ሰው ነው? ለዚያ ፕሮሰሰር ኮምፓይል ለማድረግ ግን ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። የሎኩ አሰላለፍ ቢያንስ 4 ባይት መሆኑን የምትጠይቅ አንዲት መስመር ብትኖር፣ ለውጡ ከጸሐፊው እጅ ሳይወጣ ችግሩ ይያዝ ነበር።

ፍተሻው ሁሉን አያይም። ኮምፓይለሩ የሚያውቀው የዓይነቱን አሰላለፍ እንጂ ፖይንተሩ በዚያች ቅጽበት የያዘውን አድራሻ አይደለም። ክፍተት እንዳይኖረው ተጠቅጥቆ በታወጀ ስትራክት ውስጥ የገባ ሎክ፣ ወይም በግድ ከሌላ ዓይነት የተለወጠ ፖይንተር ያመልጠዋል። በሥራ ላይ የሚደረገው ፍተሻ ለእነዚህ ይቆይ፤ ዓይነቱ ብቻውን መልስ ለሚሰጥበት ጥያቄ ግን የተጠቃሚውን ማሽን መጠበቅ አይገባም።