አዘጋጅ የሌለው ዜና

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይተው፣ ጥግ ይዘው የሚያነቡ ሰዎችን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ጋዜጣው ምንም ያህል ወገንተኛ ቢሆን የዋና አዘጋጁ ስምና አድራሻ ታትሞበታል። ለጻፈው የሚጠየቅ ሰው ነበረው፤ እውነት ጽፈው የታሰሩም ሞልተዋል።

ዛሬ ዜና የሚደርሰን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። ጥቅሙን አልክድም። የመንግሥት ጣቢያ የሚያልፈውን በደል የምንሰማው በዚያ ነው፤ ጎንደር የሆነውን ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ቀድሞ ደውሎ ይነግረናል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወይም የተቆራረጠ ቪዲዮ ሲመጣ ግን «ማን አወጣው?» ብለን የምንጠይቀው የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የባሕር ዳሩ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ከቤታቸው ደጅ ላይ በጥይት ተገደሉ። ቀደም ብሎ ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ደጋግሞ ማመልከቱን፣ ከአባቱ ሞት በፊት ግን ሰሚ እንዳላገኘ ይናገራል። በ2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የአካባቢያችን ይዘት ይጣራ የነበረው እዚያ ነውና። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የኢትዮጵያዊ ደም ጉዳይ የሚታየው በጎረቤት አገር ችሎት መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ሕግ አጥተን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን እንዲያነሡ ይላል። መንግሥት የሚቀናው ግን መዝጋት ነው። በየካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ወቅት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱት በሐምሌ ነው። ቪፒኤን የሚያውቅ ገባ፤ የማያውቀው ከሰው አፍ የሰማውን ይዞ ቀረ፤ ማስተባበያም አልደረሰው።

አዋጁ በለጠፈው ግለሰብ ላይ ብቻ ሳይሆን ከልጥፉ በሚያተርፈው ኩባንያ ላይም ይሥራ። ሜታ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን አንብበው የሚወስኑ በቂ ሠራተኞች ይመድብ። መሥሪያ ቤቶችም በሐሰት ደብዳቤ ላይ «ሐሰት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ደርቦ መለጠፍ አይብቃቸው፤ እውነቱን በዚያው ቀን፣ በኃላፊው ስም ይንገሩን።