ቀስ በቀስ እንቁላል

 

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ገበያ ወርጄ እንቁላል የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም። የሰባት ወር የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ተኝቷል። ዋጋ ተነጋግረን ካበቃን በኋላ በገንዘቡ ምን ሊገዙ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። “ለዚሁ ለልጁ ብስኩት ነዋ፣ ሲስተር። ሻይ ውስጥ ነክሬ ስሰጠው ደስ ይለዋል” አሉኝ። ለልጁ የሚሆነው ምግብ እጃቸው ላይ ነበር። እሱን ሸጠው ዱቄትና ስኳር ሊገዙለት ነው።

በእኚህ እናት አልፈርድም። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ ሳለሁ የመጀመሪያ ልጄን በአራት ወሩ “አልጠገበም እኮ!” ሲሉኝ አጥሚት አስጀምሬዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ያዘው። ያኔ እኛ የተማርነው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጀመር የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይሁን ያለው በ1993 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ “እኛ በዚህ አሳድገን የለም ወይ?” ስትሉ ይገባኛል። እውቀት ሲሻሻል ግን እኛም አብረን እንሻሻል።

ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውሃም፣ ቅቤም፣ የአብሽ ውሃም አያስፈልገውም። ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ በተለይ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ምግብ መጀመር አለበት፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ምን እንስጠው? ወላይታ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስሰማ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የዓመት ከሁለት ወር ልጅ ነበር፤ አያቱ አዝለውት መጡ። “ወፍሮልኛል፤ ግን ያለቅሳል፣ አይጫወትም” አሉ። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣቴ ተጫንኩና ለቀቅኩ። የጣቴ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። ጸጉሩ ሳስቷል፣ ቀላ ብሏል። ውፍረት ሳይሆን እብጠት ነበር። እናቱ ስላረገዘች ጡት አስጥላዋለች፤ ምግቡ ቆጮና ቡላ፣ አንዳንዴም ነጭ ስኳር ድንች ነው። ቤታቸው በእንሰት የተከበበ፣ ዶሮም የነበረበት ቤት ነው። ልጁ ታክሞ ዳነ፤ ሁሉም ግን እንደ እሱ አልዳኑም። በአካባቢያችን “አረንጓዴ ረሃብ” የሚባለው ነገር አንዱ መልኩ ይህ ነው፦ ጓሮው ለምልሞ ልጁ ይጎዳል።

እንሰትን እየነቀፍኩ አይደለም። በክፉ ቀን ያቆየን እሱ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል። ሰውነት የሚገነባው ነገር ግን በውስጡ በጣም ጥቂት ነው። ጎደሬና ቦዬም እንደዚያው ናቸው። የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች በእነዚህ ብቻ ከሞላናት ለሌላው ቦታ አይቀርም። ስለዚህ የቡላው ወይም የበቆሎው ገንፎ ይኑር፤ ጓደኛ ግን እንፈልግለት።

የመጀመሪያው ጓደኛ እንቁላል ነው። በደንብ ይቀቀልና ይፈጭ፣ በጡት ወተት ይለስልስ። ሁለተኛው ቦሎቄ ነው፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በደንብ በስሎና ልጣጩ ወጥቶ ይፈጫል። ለገንፎ ዱቄት ስታዘጋጁ ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ጨምሩ። ሦስተኛው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ነው፤ ለዓይንና ለበሽታ መከላከያ የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ ያለው በእሱ እንጂ በነጩ አይደለም። ሀለኮ ወይም ሺፈራው የምንለው ቅጠልም በስሎና ልሞ ገንፎው ውስጥ ይገባል። አቮካዶና ሙዝ ማብሰልም አያስፈልጋቸውም። ሥጋ ወይም ጉበት በተገኘ ቀን ደግሞ የሕፃኑን ድርሻ ለይታችሁ፣ በደንብ አብስላችሁ አልሙለት።

አጀማመሩ እንደ ተረቱ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምሩ። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ አስለምዱት፤ ሁለት ሦስት ቀን አይታችሁ ሌላውን ጨምሩ። ገንፎው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያሳድግም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይብላ፤ በመካከል ፍራፍሬ ይጨመርለት። መጠኑም ያድጋል፦ በስምንት ወሩ ግማሽ የሻይ ኩባያ ያህል፣ ዓመት ሲሞላው ወደ ሙሉ ኩባያ ይጠጋል። ቢተፋው አትደንግጡ፣ አፍንጫውን ይዛችሁም አታስገድዱት። ነገ ደግማችሁ ሞክሩ። ስምንት አስር ጊዜ እንቢ ብሎ በኋላ የሚወድ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

አንዳንድ ነገሮችን ግን ተዉ። ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ማር ዓመት ሳይሞላው አይስጡት፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊኖረው ይችላል። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ያንቃል። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር በኩባያና በማንኪያ መግቡ። እጃችሁንም የልጁንም እጅ በሳሙና ታጠቡ። የምትጾሙ እናቶችም ሕፃን እንደማይጾም አስታውሱ፤ ድስቱ እንዳይነካካ ከፈራችሁ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለዩለት።

እግሩ ካበጠ፣ ክብደቱ ካልጨመረ ወይም መብላት ካቆመ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በመለኪያ ትለካለች፤ ከስድስት ወር በላይ የሆነ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የሁላችንም ኑሮ እንዲህ ነው። ግን እኛ ወላይታዎች ማጠራቀም እናውቅበታለን። ለጊፋታ አባወራው ለበሬው፣ እማወራዋ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ጊፋታ በየዓመቱ ይመለሳል፤ የልጅ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ግን አይመለስም። በእነዚህ ዓመታት የቀረ ቁመትና አእምሮ በኋላ በበሬ ሥጋ አይካካስም። ዶሮዋ ከጣለችው ለሕፃኑ ድርሻ ይቀመጥ፤ የተረፈው ገበያ ይውጣ።

ለእኚያ እናትም ይህንኑ ነገርኳቸው። ከገዛሁት ላይ ሁለቱን መልሼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። “እነዚህ ለእሱ ናቸው፣ አይሸጡም” አልኳቸው። ሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። “ሻዩስ?” አሉኝ። “ሻዩን እርስዎ ይጠጡት!” አልኩ።