ስለ ዐይን ቆብ ኦፕራሲዮንና ከዚያ በኋላ ስላለው ጥንቃቄ

በታላላቅ ከተሞች የሚኖሩ ባለጸጎች በዕድሜ ብዛት የላላው የፊታቸው ቆዳ በሐኪም እጅ ወደ ላይ እንዲሳብላቸው ብዙ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በእንጅባራና በዳንግላ፣ በጠቅላላውም በአዊ አገራችን የሐኪምን እጅ የሚጠብቀው የፊት ክፍል ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ወደ ውስጥ የታጠፈው የዐይን ቆብ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር የዐይን ቆብ ኦፕራሲዮን እንዴት እንደሚደረግ፣ ታማሚዋንና ቤተ ሰቧንም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቃቸው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

አስቀድሞ የሕመሙን ምንጭ ማወቅ ይገባል። ትራኮማ፣ በአገራችንም አጠራር የዐይን ማዝ፣ ባክቴሪያ በሚባል ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ ሕመም ነው። በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብም አማካይነት ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃንም ወደ እናት ይተላለፋል። በልጅነት ዘመን ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛውን ቆብ ውስጡን ያቈስለዋል፤ ቍስሉ ሲሽርም ጠባሳው እንደ ደረቀ ቍርበት ይሸበሸብና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ዐይንን ሊጠብቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ዐይንን መፋቅ ይጀምራል። ሰው በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ዐይኑን ይጨፍናልና ጠጕሩ በእያንዳንዱ ጊዜ ሲፈገፍገው መስተዋት የመሰለው የብሌን ፊት እየደፈረሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ነጭ ይለብሳል።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት እንዳስረዳው፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶው 62 የሚሆኑት ትራኮማ ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑትም ከመቶው 5 የሚያህሉት ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ተገኝቷል። ይህም መከራ በዓለም ዙሪያ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በእጥፍ ገደማ ያጠቃል፤ ሕፃናትን የምታቅፈው፣ ፊታቸውንም በነጠላዋ የምትጠርገው እናት ናትና። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ አማራ በዘመቻ የታደለው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድላል፤ አስቀድሞ የተቀለበሰውን ቆብ ግን ሊያቃና አይችልም። እርሱን የሚያቃናው ኦፕራሲዮን ነው።

ብዙዎች እናቶቻችን ግን ወረንጦን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ዓመታትን ያሳልፋሉ። በርግጥ ጠጕሩ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆንና ብሌኑን ሳይነካ ሲቀር፣ ባለሙያ አይቶ በጥሩ ወረንጦ መንቀል ለጊዜው ይበቃል ሊል ይችላል። ፍርዱ ግን የባለሙያው ይሁን። ሥሩ ሳይወጣ ተሰብሮ የቀረ ጠጕር እንደ እሾህ ሆኖ ይወጋል፤ ታማሚዋም ለጊዜው ዕረፍት ስላገኘች ብቻ የዳነች ይመስላታል፤ በመካከሉ ብርሃኗ ያልቃል።

ኦፕራሲዮኑን በአገራችን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ በዘመቻ ጊዜም ያለ ክፍያ ይሠራል። ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ብሌኑ ራሱ የማይነካ መሆኑን ነው። «ዐይኔን አውጥተው ያጥቡታል» እየተባለ የሚወራው ከእውነት የራቀ ነው። ታማሚዋ ፊቷን ታጥባ ትተኛለች፤ ቆቧም ተሕዋስ በሚገድል መድኃኒት ይጸዳል። ቀጥሎ የማደንዘዣ መርፌ በቆቧ ላይ ትወጋለች፤ ከጠቅላላው ሥራ የሚያመው ይህ ነው፤ እርሱም ቶሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መነካካቱ ይሰማታል እንጂ ሕመሙ አይሰማትም። ባለሙያው ከሽፋሽፍቱ ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ቆቡን ይሰነጥቃል፤ የታጠፈውን ጠርዝ ወደ ውጭ ይመልሳል፤ በስፌትም ያጸናዋል። ለአንድ ዐይን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ቅባት ተደርጎ ዐይኗ በፋሻ ከተሸፈነ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ነገር ግን መንገዱን ብቻዋን መሄድ አይገባትም፤ የሚመራት ሰው አብሮ ይሂድ።

በማግሥቱ ፋሻው ይነሣል። ቤተ ሰቡ በዚህ ጊዜ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይወቅ፤ ቆቡ አብጦ፣ ጠቍሮም ሊታይ ይችላል፤ ጠርዙም ከልክ በላይ ወደ ውጭ የተገለበጠ ይመስላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የታሰበበት ነው፤ ቍስሉ ሲሽር ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥቂት ሕመምና ማሳከክም ይኖራል፤ ለሕመሙ ባለሙያው ያዘዘው ክኒን ይበቃል፤ ማሳከኩን ግን በእጅ ማሸት ክልክል ነው። ቴትራሳይክሊን ቅባት የተሰጣት በየቀኑ ጧትና ማታ፣ የሚያደርግላትም ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ እስከ ታዘዘላት ቀን ድረስ ሳታቋርጥ ትቀባ። በወላይታ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን የዋጡት ሰዎች ቅባት ብቻ ከተቀቡት ይልቅ ሕመሙ የተመለሰባቸው በሲሶ ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ የሚሰጠውን ክኒን «ዐይኔን እንጂ ሆዴን አላመመኝም» ብሎ መተው አይገባም። ስፌቱ የሐር ክር ከሆነ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ቀጠሮውን ማሳለፍ አይገባም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ድርሻ የቤተ ሰቡ ነው። ባለሙያው በግማሽ ሰዓት የሠራውን ቤተ ሰቡ በዐሥር ቀን ሊያጸናው ወይም ሊያበላሸው ይችላል። አንዲት እናት ቆቧ ተሰፍቶ ሳለ በማግሥቱ እንስራ ብትሸከም፣ ምድጃ ሥር አጎንብሳ እንጀራ ብትጋግር፣ ወይም በአካባቢያችን እንደሚደረገው ከደከረንስ ከሰል ማክሰያ ዘንድ በጢስ ውስጥ ብትውል ቍስሏ በምን ይድናል? ስለዚህ ባልና ልጆች፣ ምራቶችም፣ ውሃውንና እሳቱን ለዐሥር ቀን ተቀብለው ይሥሩ። በጥር ወር የተሠራላት ሰውም ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹ በዓል በሚከበርበት ሜዳ አቧራ ውስጥ አትቁም፤ የዘንድሮው ቢቀርባት ለከርሞው በጠራ ዐይን ታየዋለች።

ጠበል የሚጠመቁ ምእመናንም ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ቍስሉን ከውሃ ይጠብቁ፤ ጠበሉን መጠጣት ግን አይከለከልም። ስግደት ያለባት እናት ለጥቂት ቀን እንድታርፍ የንስሐ አባቷን ታማክር። ቅጠል መጭመቅ፣ ቅቤ መቀባት፣ በነጠላ ጫፍ መጥረግም ፈጽሞ አይገባም። መግል ቢወጣ፣ ደም ቢፈስ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ቢጨምር፣ ስፌቱ ቢላቀቅ፣ ዐይኗን መክደን ቢያቅታት ወይም እይታዋ ቢቀንስ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ እውነቱን ማወቅ ደግሞ ከተስፋ መቍረጥ ያድናል። ውጋቱና ዕንባው ይቀልላል፤ ጥቂት ብርሃን የተጨመረላቸውም አሉ። ብሌኑ ላይ አስቀድሞ የወጣው ነጭ ጠባሳ ግን በዚህ አይነሣም። የኦፕራሲዮኑ ዋና ጥቅም የቀረውን ብርሃን መጠበቅ ነውና ዛሬ የሄደች ከከርሞዋ ይልቅ ብዙ ታተርፋለች። ጠጕሩ ሊመለስም ይችላል፤ በአማራ ክልል በ1,000 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት የአሠራር ዓይነቶችን ሲያመዛዝን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው ከመቶው 13፣ በሁለተኛው ከመቶው 22 ሰዎች ላይ ሕመሙ ተመልሷል። የተመለሰባት ሴት «አልበጀኝም» ብላ ወረንጦዋን እንደገና አታንሣ፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ተመልሳ ትታይ፤ ካስፈለገም በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ላሉት የዐይን ሐኪሞች ትላክ።

«እኔ ካረጀሁ ወዲህ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ እናቶች አሉ። ለእነርሱ የሚሰጠው መልስ ከደጃቸው ይገኛል። አያቷን በበትር ጫፍ እየመራች የምትውል ልጅ ከትምህርት ቤት ወንበሯ የጐደለች ልጅ ናት። የአያት ዐይን ሲጠበቅ የልጅ ልጅ ደብተር ይጠበቃል። ደግሞም ቆቧ የተቀለበሰባት ሴት ባለችበት ቤት የሕፃናቱ ፊት ይታይ፤ ጧት ጧት በውሃ፣ ቢገኝም በሳሙና ይታጠብ፤ መጸዳጃ ጕድጓድም ይቈፈር፤ ዝንቡ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለው ዐይነ ምድር ነውና። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022፣ ቤኒንና ማሊ በ2023 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ጠንቅ መሆኑ እንደ ቀረላቸው የዓለም የጤና ድርጅት መስክሮላቸዋል፤ እነርሱ የደረሱበት እኛ የማንደርስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በቤታችሁ ብርሃን ፊት ዐይኗን የምትጨፍን፣ ከጢስ ርቃም ዕንባዋ የሚፈስ፣ ወረንጦ የማይለያት እናት ብትኖር በዚህ ሳምንት ቆቧን ቀና አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። ከመሄዳችሁም በፊት ለዐሥሩ ቀን ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ እሳቱንም ማን እንደሚያነድ ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ቸር ያሰንብተን።