«አሮጌ ነው» ምርመራ አይደለም

መኪና ያለው ሁሉ ይህችን ንግግር ያውቃታል። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ከራዲያተሩ እንፋሎት ይወጣል፣ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። «ምን ሆና ነው?» ትሉታላችሁ። «ጋሼ፣ መኪናዋ'ኮ አሮጌ ናት» ይላችኋል። እናንተም ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ትቀበላላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚፈታው፣ የሚገዛው፣ የሚከፈለው ሁሉ ከዚህች ንግግር ይወለዳል።

ዛሬ የምጻፈው ከዚህች ንግግር ጋር ጠብ ስላለኝ ነው። «አሮጌ» ዕድሜ ነው፤ በሽታ አይደለም። የሰባ ዓመት አባታችሁ ትኩሳት ይዟቸው ሐኪም ዘንድ ብትወስዷቸውና ሐኪሙ ሙቀታቸውን ሳይለካ፣ ደማቸውን ሳያይ «አርጅተው ነው፤ ለማንኛውም የወባ መድኃኒት ይውሰዱ» ቢላችሁ ዝም ትላላችሁ? ለመኪና ሲሆን ግን ዝም እንላለን። ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን እንከፍላለን።

«ይሄ የባለመኪኖች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ያገባናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 አጋማሽ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ተወጣጠረ። ስለ ውሳኔዎቹ ትክክለኛነት ሌላ ቀን እንከራከር። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ያለችው አሮጌ የቤንዚን መኪና ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻዋ ናት። ታክሲ ሆና የምታበላው፣ ሕመምተኛ የምታደርሰው፣ ልጅ የምታስተምረው እሷ ናት። በግምት የተገደለ ሞተር ከእንግዲህ በቀላሉ አይተካም።

አጎቴ ያላቸው አንዲት ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች። ልጆቻቸውን ያሳደጉባት እሷን ነድተው ነው። በ2014 መኸር ላይ ሙቀት መሥራት ጀመረች። ዳገት ላይ መርፌዋ ትወጣለች፣ የመንገድ መዘጋጋት ሲያጋጥም ትፈላለች፣ ሌላ ጊዜ ምንም አትልም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። «ለቀዝቃዛ አገር ነው፤ እኛ ጋ አያስፈልግም» ተባሉ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፣ ከዚያ ተመለሰባት። ሁለተኛው ጋራዥ ራዲያተሩ ተዘግቷል ብሎ ሌላ አስገዛቸው። አሮጌውን ክዳን ከአሮጌው ራዲያተር ነቅሎ በአዲሱ ላይ ገጠመው። ሦስተኛው የውሃ ፓምፑን ቀየረ። በየጋራዡ ሲወጡ መኪናዋ ውሃ ሞልቶላት ስለምትወጣ ለጥቂት ቀን የተሻላት ይመስላል። ያ ጥቂት ቀን ነው ሦስቱንም ግምት ትክክል ያስመሰለው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ ራሷ እየተናገረች ነበር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲከፈት ራዲያተሩ ጎድሎ ይገኛል። ከጎኑ ያለችው ትርፍ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ግን እስከ አፏ ሞልታለች። አጎቴ ይህን ለሦስቱም ነግረዋቸዋል። አንዱም «ለምን?» አላለም።

ለገና ወደ ደብረ ማርቆስ አብረን ሄድን። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር መርፌዋ ወጣች። ቀዩ ጋ ልትደርስ ስትል በድንገት ወረደች። «ተመስገን፣ በረደች» አሉ አጎቴ። እኔም ተመስገን አልኩ። ዛሬ ሳስበው የምቆጨው በዚያች ተመስገን ነው። መርፌዋ የወረደችው ሞተሩ ስለበረደ አልነበረም። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚነከርበት ውሃ አልቆ ባዶ ላይ ስለቀረ ነው። ውሃ ከሌለ መርፌዋ የምትናገረው ውሸት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ሞተሩ ቆመ። ሊረዱን የመጡ ልጆች በጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አመጡልን፤ እኛም በችኮላ እዚያው በጋለ ሞተር ላይ ጨመርነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ ያን አይችልም። ተጣመመ።

ተጎትተን የገባንበት ጋራዥ ያገኘነው መካኒክ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ከሁሉ በፊት ያነሱት ክዳኑን ነው። ገልብጠው የውስጡን ጎማ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ ተፈረፈረ። «ይቺን ያያት ሰው የለም?» አሉ። አልነበረም። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ የተጣለው ቴርሞስታት በአዲስ ተተካ፣ አዲስ ክዳን ተገጠመ። አጎቴ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጡ፤ ከዕቁብ ቀድመው የወሰዱትን ብር ገና ከፍለው ሳይጨርሱ ሌላ ብድር ገቡ። መኪናዋ እስከ ዛሬ አባይን ትወጣለች። ያው «አሮጌ» መኪና ናት፤ እንዲያውም አሁን በዕድሜ ገፍታለች።

አንዲት ክዳን ይህን ያህል ለምን ታደርሳለች? መልሱ ለእኛ ለደገኞቹ የበለጠ ይሠራል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ወለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ በሥራ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚውለው። እዚህ ከተማ ውስጥ በደህናው ሞተርና በሚፈላው ሞተር መካከል ያለው ልዩነት፣ ክዳኑ ካልያዘ፣ የሁለትና የሦስት ዲግሪ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ክዳኑ የሚሠራው የፕሬሸር ኩከር ክዳን ሥራ ነው። ግፊት አምቆ ውሃው እዚሁ ከፍታ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ሲሞቅ የተረፈውን ውሃ ወደ ፕላስቲኩ ይለቃል፣ ሲበርድ መልሶ ይስባል። ጎማው ሲደርቅ ግፊቱን አይዝም፣ የወጣውንም አይመልስም። ራዲያተሩ ጎድሎ ፕላስቲኩ ሞልቶ የሚያድረው ለዚህ ነው። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ይህ ነው፤ ሦስት ጋራዥ የዘለለውም ይህንኑ ነው።

ቴርሞስታት ማውጣትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ልማድ ሆኗልና በግልጽ ልናገር። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚቆይ፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው። ካወጣችሁት በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ከዚህ የባሰም አለ። ብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ በጀርባው ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የጋለው ውሃ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ የወጣው ዕቃ ሙቀት ጨማሪ ይሆናል። ከተበላሸ ይቀየር። በር ተሰበረ ተብሎ ግን ቤት ያለ በር አይኖርም።

ጥፋተኛው ታዲያ ማነው? መካኒኮችን ብቻ ረግሜ ብጨርስ ደስ የሚለው ብዙ ነው። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መካኒክ «ጋሼ፣ ትደርና ጠዋት በርዳ ልያት» ብሏቸው ነበር። አጎቴ ናቸው እምቢ ያሉት። «ለማየት ብቻ ቀኔን ላቃጥል? አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግልኝ እንጂ» አሉ። እሱም አንድ ነገር አደረገ።

በሽታው እዚህ ነው። እኛ አገር ጋራዥ ገብታችሁ «ለማየት ስንት ነው?» ብትሉ «ለማየትማ ነጻ ነው» ትባላላችሁ። ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ለማየት የማይከፈለው ሰው ለማየት ጊዜ የለውም። የሚከፈለው ለፈታው፣ ለቀየረው፣ ለገጠመው ነው። ሁለት ሰዓት ሞተሩ ሥር ተቀምጦ «ክዳን ብቻ ቀይሩ» የሚል ታማኝ መካኒክ በዚህ አሠራር የዕለት ምሳውን አያገኝም። ራዲያተር ያስቀየረው ግን ያገኛል። እውቀትን በነጻ ጠይቀን ብረትን በውድ እንገዛለን፤ ከዚያ «መካኒክ ሌባ ነው» እንላለን።

«መሣሪያ የለንም» የሚል ክርክር ይቀርባል። ለኮምፒውተር ምርመራ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሙቀት ግን አብዛኛው ምርመራ ዓይን፣ እጅና ትዕግሥት ነው። እናንተም ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ልትመልሷቸው የምትችሏቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ መቼ ነው የሚሞቀው? ቆማችሁ ወይም እየተንፏቀቃችሁ ሞቆ፣ መንገድ ሲከፈት የሚበርድ ከሆነ መጀመሪያ ቬንትሌተሩን እዩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ መዞር ይጀምራል? ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሴንሰሩ ደህና ነው? በተቃራኒው ዳገትና ፍጥነት ላይ ከሞቀ የውሃው ዝውውር ወይም የራዲያተሩ መዘጋት ይጠረጠራል። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የታጨቀ አቧራም ይህን ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ውሃው የት ይሄዳል? መሬት ላይ ነጠብጣብ ካለ ቱቦውን፣ ራዲያተሩንና የውሃ ፓምፑን ሥር እዩ። ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ ክዳኑን እዩ። የትም ሳይፈስ ከጠፋ፣ ከጭስ ማውጫው የማያባራ ነጭ ጭስ ካለ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል።

ሦስተኛ፣ ቱቦዎቹ ምን ይላሉ? ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ቱቦ እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ ተዘግቷል። ሞተሩ ከብርድ ተነስቶ ገና በደቂቃ ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ይህም የጓርኒሲዮን ምልክት ነው።

አራተኛ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። ኩላንት ለብርድ አገር የተሠራ ቅንጦት አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ አየር ካልወጣለት አዲሱ ራዲያተርም ይሞቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መርፌዋ ከወጣች ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ቱቦው በእጅ እስኪያዝ ድረስ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አታፍስሱ። እኛ የከፈልነውን እናንተ አትክፈሉ።

ከባለጋራዦች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለማየት ነጻ ነው» የሚለውን ተዉት። ለማየት ዋጋ አውጡ፣ ያያችሁትንም በወረቀት ጻፉ፤ ምን ተመረመረ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ደህና ነው። የተፈታው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ከባለመኪኖች የምጠይቀው ደግሞ ያንን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ። መኪናችሁን አሳድሩ። ቀይር ከመባሉ በፊት «በምን አወቅህ?» በሉ። ጨዋ ጥያቄ ነው፤ የሚያውቅ መካኒክ አይቆጣበትም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

አጎቴ የተፈረፈረችውን ክዳን አልጣሏትም። ክሩስኮቱ ላይ አስቀምጠዋታል። ጋራዥ በገቡ ቁጥርና «አሮጌ ናት» በተባሉ ቁጥር አንስተው ያሳያሉ። «አዎ ልጄ፣ አሮጌ ናት» ይላሉ። «አሁን ምን እንደሆነች ንገረኝ።»