ተረኛ በሽተኛ ይግባ!

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ እጮኛም ስለ ክህደትም የማያወራ አንድ መርጠናል። እንዴ! ፍቅር የሌለበት ደብዳቤ ምን ያደርግልናል እንዳትሉ። ፍቅርስ አለበት፤ የእህትና የወንድም ፍቅር! እንደተለመደው ስምም ሰፈርም አንጠቅስም። አሳጥረን እነሆ፦

«የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእናቴና ከሁለት ወንድሞቼ ጋር እኖራለሁ። ታላቄ 27 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታሞብን ነበር። ሌሊት አይተኛም፣ ሰው ይከታተለኛል ይላል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል። ሆስፒታል ወስደነው መድኃኒት ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን ተሻለው፤ ሥራም ገባ። ታናሼ 18 ዓመቱ ነው፤ ጌም ካገኘ እንጀራም አያምረው። ሰሞኑን የሚጫወተው ስለ ድሮ የአሜሪካ የእብዶች ሆስፒታል ነው። ተጫዋቹ ሐኪም ይሆንና በሽተኛ ይቀበላል፣ በሽታውን ይገምታል፣ ሕክምና ይመርጥለታል። ጓደኞቹ ሳሎን ተኮልኩለው ‹ተረኛ በሽተኛ ይግባ!› እያሉ በሳቅ ይፈርሳሉ። ታላቄ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው አመሸ። ምንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ቀጠሮው አለፈው፤ ክኒኑንም ትራሱ ሥር ተደብቆ አገኘሁት። ስጠይቀው ‹እኔንም እንደዚያ ሊያደርጉኝ ነው?› አለኝ። እናቴ ኮምፒውተሩን ካልሰበርኩ ብላለች። እኔስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ይቆይ። መጀመሪያ ትራስ ሥር የተገኘው ክኒን ይቀድማል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን «ዛሬስ ተሽሎኛል» ተብሎ የሚተው አይደለም። የተሻለው ስለሚወስደው ሊሆን ይችላልና! ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ሁልጊዜ በማግስቱ አይደለም፤ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው «ይኸው ተውኩት፣ ምንም አልሆንኩም» እያለ የሚታለለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትይ ወደሚያውቀው ሐኪም አብረሽው ሂጂ። በቁጣ ሳይሆን በልመና። «የፈራኸውን አንተው ለሐኪሙ ንገረው፤ ከፈለግህ አብሬህ እገባለሁ፣ ካልፈለግህ በር ላይ እጠብቅሃለሁ» በይው። መድኃኒቱ ካደከመው ወይም ካወፈረው ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል፣ ሊቀይርም ይችላል። መውሰድ ካቆመ ቀናት ካለፉ እንዴት እንደሚጀምር ሐኪሙ ይወስን እንጂ አንቺ በግምት አትስጪው። ጠበል እጠመቃለሁ ካለም ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ። እንቅልፍ ካጣ፣ ድምፁ ከተመለሰ ቀጠሮ ቀን አትጠብቁ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ብቻውን እንዳይቀር፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። «እኔንም እንደዚያ ሊያደርጉኝ ነው?» ይህ የእብድ ጥያቄ አይደለም፤ ማንም ጤነኛ ነኝ ባይ እሱ ቦታ ቢቀመጥ የሚጠይቀው ነው። «ተው እንጂ፣ ጌም ነው'ኮ፣ ውሸት ነው» ብሎ መመለስ ቢቻል ደስ ባለን። ችግሩ፣ ውሸት አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ግን መቼ ሆነ? የት ሆነ? ለምንስ ቀረ? እሱን አብራችሁ ብታውቁት ፍርሃቱ ይቀንሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሳናቶሪየም» የሚባለውን የመሰሉ ጌሞች ታሪካቸውን ያደረጉት በ1920ዎቹ አሜሪካ ነው። በዚያ ዘመን ወንድምሽ የሚወስደው ዓይነት መድኃኒት አልነበረም። የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ቀዳሚ የሆነው ክሎርፕሮማዚን በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠው በ1952 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ እጅ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ውሃና አንሶላ! የተረበሸ ሰው ገንዳ ውስጥ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቀመጣል። ወይም በእርጥብ አንሶላ ከአንገቱ እስከ እግሩ ይጠቀለላል። እኛ አጎበር የምንገዛለት ወባ እንኳ መድኃኒት ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ? የቪየናው ሐኪም ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ ከ1917 ጀምሮ ቂጥኝ አእምሯቸውን የጎዳባቸውን ሕሙማን ሆን ብሎ ወባ እያስያዘ በትኩሳቱ ያክማቸው ነበር። የተሻላቸው ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ሰውዬው በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት!

ከሁሉ የሚገርመው ግን የዶክተር ሄንሪ ኮተን ታሪክ ነው። በኒው ጀርሲ፣ ትሬንተን ከተማ የሚገኘውን የአእምሮ ሆስፒታል ከ1907 ጀምሮ ይመራ ነበር። እብደት የሚመጣው ሰውነት ውስጥ ከተደበቀ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አመነ። በዚህ እምነቱም የሕሙማኑን ጥርስ ያስነቅል ጀመር። ካልተሻላቸው ቶንሲላቸው ይወጣል። አሁንም ካልተሻላቸው ትልቁ አንጀታቸው ተቆርጦ ይወጣል። ይህ ሁሉ ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን! አንጀታቸው ከተቆረጠው ከሦስቱ አንዱ ገደማ እንደሚሞት ራሱ ኮተን ሪፖርት ያደርግ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመቶ ሰማንያ አምስቱን አድናለሁ ይል ነበርና ቤተሰብ ከሩቅ ሀገር ሳይቀር ዘመዱን ይዞለት ይመጣ ነበር።

ጭራቅ ነበር ትሉ ይሆናል። አልነበረም! እዚያ ሆስፒታል ሲሾም ሕሙማን የሚታሰሩበትን ሰንሰለትና ጠፍር ያስወገደው እሱው ነው። የገዛ ልጆቹን ጥርስ ሳይቀር አስነቅሏል። በሚያደርገው ነገር ከልቡ ያምን ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ፊሊስ ግሪንኤከር የምትባል ሐኪም ተልካ መዝገቡን ስታገላብጥ፣ ሕሙማኑንም አንድ በአንድ ስትከታተል፣ ዳኑ የተባሉት አልዳኑም። ሪፖርቷ ግን በጊዜው ሳይታተም ቀረ፤ ኮተንም ሥራውን ቀጠለ። ጥርስ የሌለው ሕመምተኛ «አልተሻለኝም» ቢል ማን ይሰማዋል? እብድ ተብሏላ!

ይህን ነገር አንዲት ደፋር ልጅ ቀደም ብላ አይታው ነበር። በ1887 ኔሊ ብላይ የምትባል የ23 ዓመት ጋዜጠኛ እብድ መስላ ኒው ዮርክ ውስጥ ብላክዌልስ አይላንድ የሚባል የሴቶች የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። በሩን ካለፈች በኋላ ማስመሰሏን ትታ እንደ ጤነኛ መናገር ጀመረች። ማን ይመናት! ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉባታል፣ የተበላሸ ምግብ ያቀርቡላታል። አሥር ቀን ቆይታ ጋዜጣዋ ባያስወጣት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር። የጻፈችው ሲወጣ ከተማው ተረበሸ፤ ለሕሙማኑ የሚመደበው በጀትም ጨመረ።

ታዲያ ከጌሙም ከታሪኩም የምንይዘው ምንድን ነው? የዚያ ዘመን ትልቁ በደል ውሃው ወይም ጉጠቱ ብቻ አልነበረም። የታመመው ሰው ሳይጠየቅ ሌላው ሁሉ ስለ እሱ መወሰኑ ነው። ጌሙም የተሠራው እንደዚያው ነው። ማውሱ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው። አልጋ ስንት አለ? ገንዘብ ስንት ቀረ? ተረኛው ማነው? በሽተኛው የሚንቀሳቀስ ምስል ነው፤ «እምቢ» የሚልበት ቁልፍ የለውም።

እህቴ፣ አሁን ሳትቀየሚን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። እናትሽ ይናገራሉ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ የታናሽሽ ጓደኞች ይጮኻሉ። የታላቅሽ ቃል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ እሷም ጥያቄ ናት። «ወሰድነው»፣ «አስጀመርነው»፣ «ተሻለው»... እሱስ ምን ይላል? ድምፁ ሲመጣ ምን ይለዋል? ክኒኑን ሲውጥ ምን ይሰማዋል? ቤት ውስጥ ስሙ ሲነሳ ለምን ዝም ይባላል? በፍቅር ያደረጋችሁት መሆኑን እናውቃለን። ግን ኮተንም በክፋት አልጀመረም።

ለእሱ የምትመልሽለት መልስም ይኸው ነው። «አይ ወንድሜ፣ ያ የዛሬ መቶ ዓመት ነው። ዛሬ መድኃኒት አለ። ሐኪሙን ይህ ለምንድን ነው? ጉዳቱስ? ሌላስ የለም ወይ? ብለህ የመጠየቅ መብት አለህ። አንተን ሳያማክር የሚወስን ካለ እኔ አለሁልህ» በይው። ዛሬ ሁሉም ነገር አልጋ ባልጋ ነው እንዳትይው፤ ወረፋውን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ፣ የሰዉን አፍ እሱ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። እውነቱን ስትነግሪው ነው የሚያምንሽ።

ታናሽሽስ? ልጁ ክፉ አይመስለንም፤ ልብ አላለም። በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይዘሽ ንገሪው። ለንደን ውስጥ ቤተልሔም የሚባል፣ ሕዝቡ «ቤድላም» የሚለው ጥንታዊ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው ሰው እንደ መዝናኛ እየሄደ ሕሙማኑን ያይ፣ ይስቅባቸውም ነበር። ማንም እንደፈለገ እየገባ የሚያይበት ልማድ የቆመው በ1770 ነው። የእናንተ ሳሎን ያን ምሽት ምን ሆኖ ነበር? ልዩነቱ፣ ታላቅየው አብሮ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኸው አይደል?

ጌም አትጫወት አትበይው። በ1997 የወጣው «ቲም ሆስፒታል» የሚባል የሆስፒታል ጌም ጭንቅላቱ እንደ ፊኛ የተነፋ በሽተኛ ነበረው፤ ሐኪሙ ያፈነዳውና መልሶ ይነፋዋል። ቢሳቅበት ማን ይከፋዋል? እንዲህ ዓይነት በሽተኛ በዓለም ላይ የለም። የሌለ ድምፅ የሚሰማው ሰው ግን አለ፤ እዚያው ቤት አብሮት ይበላል። ታሪኩ ከማረከው ደግሞ በ2016 የወጣ «ዘ ታውን ኦፍ ላይት» የሚባል የጣሊያን ጌም አለለት። እሱ ላይ ተጫዋቹ ሐኪሙ ሳይሆን ሕመምተኛዋ ነው፤ በ1938 ቮልቴራ ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል የገባች የ16 ዓመት ልጅ! ሆስፒታሉ በእውን የነበረ ነው፤ ጣሊያን በ1978 እንዲህ ያሉትን ተቋማት የሚዘጋ ሕግ ስታወጣ ተዘግቷል። ጌሙ ከባድ ነውና ታላቅሽ ፊት አይከፈት። ታናሽሽ ግን ማውሱ ከእጁ ወጥቶ አልጋው ላይ ሲተኛ ነገሩ ምን እንደሚመስል ይየው።

እናትሽን ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ቢሰበር ታናሼ ያኮርፋል፤ ታላቄም በእኔ ምክንያት ቤቱ ታመሰ ብሎ ይጨነቃል።» ይልቅ ጌሙ ከሳሎን ይውጣ፤ «ተረኛ በሽተኛ» የምትለዋ ቀልድም ከእሱ ጋር ትውጣ።

ለቀራችሁት አንባብያንም አንድ ነገር እንበል። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርታለን። ታክመው ተሽሏቸው፣ ሥራ ገብተው፣ ትዳር ይዘው ከአጠገባችን የሚውሉ ስንት ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ! ጓደኛችን ትንሽ ሲነጫነጭ «አማኑኤል ይወሰድ» ብለን የሆስፒታል ስም ስድብ አደረግን። ነገ እኛው ወይም እህታችን እዚያ በር ላይ መድረስ ሲኖርብን በሩን የሚያስፈራን ይኸው ስድብ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ግን ሰው ለምን ይደብቃል? የምንስቅበት ስለሆንን!

ከመካከላችሁ ክኒኑን የደበቀ ወይም ያቋረጠ ካለ፣ ሳምንት ሳያልፍ ለሐኪሙ ይንገር። ከመካከላችሁ የታመመ ዘመድ ያለው ካለ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ስለ እሱ ማውራቱን ትቶ እሱን ራሱን ያናግረው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት!